ማሞቂያውን ማን ነቀለው?

ኅዳር 2
የጓሮውን ክፍል ጠረግኩ። የእባቦቼን ውሃ ቀየርኩ። ሲሚንቶው ወለል እግር ይቆረጥማል... ከመስታወት ሣጥኖቻቸው ሥር ፎም አነጠፍኩ፣ በግድግዳው በኩል ካርቶን አስደገፍኩ። ማሞቂያው ያለበት ጥግ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ። ጥሩ ነው። ቡናማው እባብ፣ ቀበቶ የምለው፣ የሰጠሁትን አይጥ ዋጠ። ወፍራሟ፣ እመቤት፣ ቆዳዋን ልትለውጥ ስለሆነ ዞር ብላም አላየችው።

አማቴ ከበሩ አላለፉም። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ወዲህ እግራቸውን አስገብተው አያውቁም።
"አንቺ ልጅ፣ ሰው ድመት ያሳድጋል" አሉኝ።
ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ኅዳር 5
ከፋርማሲ ሥራዬ ስመለስ ክፍሉ በረዶ ሆኗል። ቀበቶ የዋጠውን መልሶ ተፍቶታል። ሲበርደው ሆዱ አይፈጭለትም... ሶኬቱ ተነቅሏል። እኔ ነቅዬው ይሆን? ጠዋት ስወጣ የማሞቂያው ትንሿ ቀይ መብራት በርታ ነበር፤ አይቻለሁ።

ባሌን ጠየቅኩት። "ስትጠርጊ ነካክተሽው ይሆናላ።"
ዛሬ መች ጠረግኩ?

ኅዳር 8
ዛሬም ተነቅሏል። የእመቤት ሣጥን ላይ ደግሞ የሱፍ ክር... ከአማቴ ሹራብ ነው። አልገባም ያሉት ሴትዮ!

ባሌ እንደሆነ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ይተኛል። ታዲያ ሌላ ማን አለ?
"እናትህ ናቸው" አልኩት።
"አሮጊት ናት፣ ፈርታ ይሆናል። እለፊያት።"
እራት ላይ ፊት ነሳኋቸው።

ኅዳር 9
ሻይ ሲያቀብሉኝ አቀርቅረው ነው። ለምን አያዩኝም? ያልሠራ ሰው እንዲህ ይሸሻል?

ኅዳር 11
ፈቃድ ጠይቄ ቀደም ብዬ መጣሁ። ጫማዬን በረንዳ ላይ አወለቅኩ። የጓሮው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አማቴ ተንበርክከዋል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ሶኬቱ በእጃቸው። ሹራባቸውን እንዲያሞቃት የእመቤት ሣጥን ላይ ደርበውታል።

"እርስዎ ነዎት ለካ!"
"መልሼ እየሰካሁት ነው። ተነቅሎ ባየሁ ቁጥር እሰካዋለሁ። አንዳንዴ አልደርስበትም።"
"ማነው የሚነቅለው?"
ሶኬቱን ሰክተው ተነሡ።
"ልጄ፣ እናት ነኝ። እንድናገር አታስገድጂኝ።"

ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሰው...

ኅዳር 12
ባሌን ጠየቅኩት። አልካደም።
"እንዲሞቱ አይደለም። እንዲሰለቹሽ ነው። ከሥራ ስትመጪ መጀመሪያ እነሱ ጋ ነው የምትሮጪው። እኔ በላሁ አልበላሁ ትዝ ብሎሽ ያውቃል?"

እውነቱን ይሆን? ይሆናል... በዚህ መነጋገር እንችል ነበር። ግን እናቱን ስከስ፣ ፊት ስነሳቸው፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እራቱን በላ። እሱን ምን አደርገዋለሁ?

ኅዳር 14
አማቴን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።
"አሁንም እፈራቸዋለሁ" አሉ። "ያቺ ወፍራሟ ታፈጥብኛለች።"
"ታዲያ ለምን ደከሙላቸው?"
"ያንቺ ናቸዋ።"

ኅዳር 20
ባሌ ሳሎን ነው የሚተኛው። ትናንት ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ክፍሉ ሞቋል?" አለኝ። ለምን ጠየቀ? ከልቡ ይሆን? መልስ ሳልሰጠው ሄጄ ሶኬቱን በእጄ ነካሁት... ከእንግዲህ እንዲህ ልኖር ነው?

ቀበቶ በላ፤ አልመለሰውም። የጓሮው ክፍል በር ላይ ቁልፍ አስገጠምኩ። አንዱ መክፈቻ እኔ ጋ ነው። ሌላውን አማቴ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።