ስለ ሀዋኒ ክንድ እውነቱን ልንገርሽ

ለውድ እህቴ ለየሺሃረግ ባዳሳ፣
ኩዌት

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጀርባሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እየደበቅሽን ነው? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ በደህና ይይዙሻል? በዚህ ወር ሙቀቱ ይብሳል ብለሽኝ ነበርና እዚህ ሮቤ ጠዋት ጠዋት ጃኬቴን ደርቤ ስወጣ አንቺን አስባለሁ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ጎባ ያሉት አባባና እማዬ ደህና ናቸው። ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ በጊዜው ስለጣለ የአባባ ገብስ ጉልበት ደርሷል። ሀዋኒም ደህና ናት ብዬ እንዳላልፍ ነው ይህን ደብዳቤ መጻፌ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ አንደበቴ ስለሚታሰር ነው። ሦስት ዓርብ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን አብራሽ የሄደችው የጊኒሯ ኢብቲሳም ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ነውና በእጇ ልኬልሻለሁ። ስታነቢው ብቻሽን አትሁኚ፤ እሷን አጠገብሽ አስቀምጪያት።

እማዬ «ሀዋኒ ስትሮጥ ወድቃ እጇን ወለም ብሏት ነው» ያለችሽ እውነት አይደለም። እንዲያ እንድትልሽ የለመንኳት እኔ ነኝ። ልጅሽ አልወደቀችም። ክንዷ የተጎዳው እኔ ባሠለጠንኳት ሥልጠና ነው።

አምና ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ እኔ ስፖርት በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንዳስገባኋት ታውቂያለሽ። አንድ ቀን እጅ ኳስ ሳጫውታቸው ሀዋኒ የወረወረችው ኳስ ሜዳውን አልፎ አጥሩን ተሻገረ። እንዲህ ያለ ክንድ በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ አላየሁም። በማግስቱ ጦር ውርወራ አስጀመርኳት። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ጦር ነው፣ እሱም የአዋቂ ወንዶች፣ ስምንት መቶ ግራም የሚመዝን። በእሷ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች የሚወረውሩት አምስት መቶ ግራሙን ነው። ይህን አውቅ ነበር። ግን ከባዱን የለመደ ክንድ ቀላሉን ሲያገኝ እንደ ላባ ይወረውረዋል ብዬ አሰብኩ።

መስከረም ላይ ከአንድ የአትሌቶች ማሠልጠኛ የመጣ ሰው አያትና በየካቲቱ ውድድር ሠላሳ አምስት ሜትር ከወረወረች እንደሚወስዳት ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ፣ እትዬ። በቀን ሠላሳ ጊዜ ትወረውር የነበረችውን ስድሳ፣ ሰባ አደረስኳት። ከእሑድ በቀር ዕረፍት አልነበራትም። ኃይል የሚመጣው ከመወርወር ብዛት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ «ኤሱማ፣ ክርኔን ከውስጥ በኩል ያመኛል» አለችኝ። እሷ የእናቷን ወንድም ነበር የጠራችው፤ የመለሰላት ግን አሠልጣኙ ነው። «የሚሠራ ጡንቻ ያማል፣ ሲያምሽ እየጠነከረ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አመመኝ ብላ አታውቅም። እኔም ዝምታዋን እንደ መዳን ቆጠርኩት።

ጥር መጨረሻ ላይ ተደብቃ ወጌሻዋ ጎረቤታችን እማማ ጁሀራ ዘንድ ልትታሽ ሄደች። እሳቸው አላሽም ብለው በእጇ ይዘው አመጡልኝ። «ኢታና፣ ይሄ ውልቃት አይደለም። አጥንቷን ስነካው ትዘላለች። ክንዷን አሳርፋት፣ ሐኪም ይያት» አሉኝ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ስለነበር ከውድድሩ በኋላ አሳያታለሁ አልኳቸው። «ክንዱስ እስከዚያ ይጠብቅሃል?» አሉኝ። ሀዋኒ በመሃል ገብታ «አሁን እኮ ተሽሎኛል» አለች። እኔም መስማት የፈለግኩት ያንን ነበር።

ውድድሩ የተደረገው ጎባ ነው። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል። እማዬ ጋቢ ደርባ ከተመልካቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። ሀዋኒ በመጀመሪያው ሠላሳ ሦስት ሜትር፣ በሁለተኛው ሠላሳ አራት ወረወረች። ከማሠልጠኛው የመጣው ሰውዬ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አየሁት። ጠጋ ብዬ «አንድ ሜትር ብቻ ቀረሽ» አልኳት። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ብርዱ ነው አልኩ። በሦስተኛው ተንደርድራ ክንዷን ስትሰነዝር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጦሩ እዚያው እግሯ ሥር ወደቀ። አልጮኸችም። ቀኝ ክንዷን በግራዋ ታቅፋ ተንበረከከች። እማዬ ጋቢዋን ጥላ ከእኔ ቀድማ ደረሰችላት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የክርኗን የራጅ ፎቶ በመብራት ላይ አድርጎ አሳየኝ። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ክርን ውስጥ ገና ያልጠነከረ አጥንት አለ፤ ጅማቱ ለብዙ ወራት ሲጎትተው ቆይቶ በመጨረሻ ገንጥሎታል አለኝ። ቀጥሎ ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሀዋኒ «ዛሬ ነው» አለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። እኔም ዝም አልኩ። እትዬ፣ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ዝምታ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አጎቷን ልታድን ዋሸች፣ አጎቷም አድኚኝ ብሎ ቆመ።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በሳምንቱ በሚኒባስ ከጎባ ወደ ሮቤ ስንመለስ ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት። መስኮቱን እያየች «ከተመረጥሽ ደመወዝ አለው ብለኸኝ ነበር። እናቴ እንድትመጣ ነው» አለችኝ። መንገዱ አጭር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ።

ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ፤ አንቺን የሚወጋ ነገር ነውና። ግን ከዚህ በኋላ ከአንቺ ምንም ላለመደበቅ ቆርጫለሁ። የሄድሽው አባቷ ሞቶ ልጅሽን ልታስተምሪ ነው። ጥፋቱ ያንቺ መሄድ አይደለም፤ አደራ የተቀበለው ሰው ነው። አደራ በላ ብትዪኝ አልፈርድብሽም።

አሁን ክንዷ ተጠግኗል፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ እስክሪብቶ ለረጅም ጊዜ መያዝ አትችልም። ሐኪሙ ጣቶቿ ቀስ በቀስ እንደሚሻላቸው ተስፋ ሰጥቶናል። ውርወራ ግን አበቃ ብሏል። ፀጉሯን ባለቤቴ ትንሣኤ ትሠራላታለች።

እኔ ማሠልጠኑን ልተው ብዬ ነበር። በኋላ ሄጄ እውነቱን ስነግረው የከለከለኝ ሐኪሙ ነው፤ «ካንተ በኋላ የሚመጣውም ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ ይልቅ ተማር» አለኝ። ቁጭ ብሎም አስተማረኝ። ለካ የወርዋሪ ጉልበት የሚነሣው ከእግርና ከወገብ ነው፤ ክንድ መጨረሻ ላይ የሚደርስ መልእክተኛ ነው። አሁን ልጆቹን መጀመሪያ በሩጫና በዝላይ ሰውነታቸውን አሞቃለሁ፤ ወገባቸውንና ትከሻቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሠራለሁ። ከዚያ ቀላል ኳስ በሁለት እጅ አንዱ ለአንዱ እንዲወረውር አደርጋለሁ፤ በአንድ እጅ የሚወረውሩት ተቆጥሮ ነው፣ በማግስቱም ክንዳቸው ያርፋል። ከባዱን ጦር ዕቃ ቤት ቆልፌበታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ሀዋኒ ለወራት በሜዳው በኩል አታልፍም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን መጥታ ዳር ላይ ተቀመጠች። ከዲንሾ መጥታ የምትማር አንዲት ልጅ ወርውራ ስትጨርስ ትከሻዋን አሸት አደረገች። እኔ አላየኋትም፤ ሀዋኒ አየቻት። ሄዳ ኳሱን ከእጇ ተቀበለቻትና «ሲያምሽ ለእሱ መንገር ከፈራሽ ለእኔ ንገሪኝ» አለቻት። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ልጅቷን አሳረፍኳት።

ከእንግዲህ ሀዋኒ እኔ ዘንድ ትቆይ ወይስ ጎባ እማዬ ጋ ትሂድ፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የምትዪውን እፈጽማለሁ። ብቻ ስትደውዪላት አታልቅሺባት፤ የክፍል ፈተናዋ ደርሷል።

አባባ በጸሎት ያስቡሻል፤ ስለ ጀርባሽ ከባድ ነገር አታንሺ ብለዋል። እማዬ ስለዋሸችሽ ይቅር በይኝ ትልሻለች። ትንሣኤ በናፍቆት ትስምሻለች። እማማ ጁሀራ «አላህ በሰላም ያገናኘን በልልኝ» ብለዋል። የሀዋኒን ሰላምታ ልጽፍ ስል «የእኔን አንተ አትጻፍ» አለችኝ። በግራ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጽፍ ቆይታ አጥፋና አሽጋ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ጋር አብሮ ይደርስሻል። ስለ እኔ ምን እንዳለችሽ አላውቅም። ያለችሽን ሁሉ እመኛት።

ወንድምሽ ኢታና ባዳሳ
ሮቤ፣ ባሌ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.