በዘይት መሙያው የገባው ውሃ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክልን? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ከእኛ እኩል ያሳደጋት አሮጌዋ ፎርዊል መኪና ግን ጋራዥ ገብታለች። መቼም ታውቃታለህ፤ ራዲያተሯ ያፈሳል፣ ዳገት ላይ ትግላለች። አባባ በየጠዋቱ ኮፈኗን ከፍቶ ውሃ ይሞላላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ውሃውን በዘይት መሙያው ጨመረው። አርባ ዓመት መካኒክ የነበረ ሰው!

እሱ ያሰለጠነው መካኒክ ሞተሩን ሲፈታ ቀና ብሎም አላየኝ።

«እህቴ፣ መኪናዋ አርጅታለች» አለኝ።

«አዎ፣ አርጅታለች» አልኩት።

አባባ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። የመኪናዋ ቁልፍ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

የሁላችንም ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። ለአባባ ስትደውልለት ግን ቀድመህ ስምህን ንገረው።

እህትህ