የሚስ ኤሚሊ ፎቶ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ጉልበትዎ ተሻለዎ? እህቴ መሠረት ደረጃ መውጣት ጀምረዋል ብላኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አንጀቴ ግን እርር ብሏል።

እዚህ ባሕር ማዶ በእኛ ጠዋት ሲደውሉ ስልክ አላነሳም ብለው ተቀይመዋል አሉ። ያን ሰዓት ቻይና መሽቶ ተማሪዎቼ ኢንተርኔት ላይ ይጠብቁኛል። የማስተምረው የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ነው፤ በእርስዎ ዘዴ። አሰላ ሲያስተምሩን «ቃል ብቻውን አይጠናም፤ ከባልንጀራው ጋር ነው የሚያዘው» እያሉ ሰሌዳው ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው የሚጽፉልንን ማለቴ ነው። ቻይናውያኑ መድኃኒት «እንበላለን» ብለው ይጽፋሉ፤ በቋንቋቸው እንደዚያ ነውና። እኛ እንውጠዋለን፤ እንግሊዞች ደግሞ «ይወስዱታል»። እኔም ቋንቋውን በትምህርት ያገኘሁት ስለሆነ የት እንደሚሰናከሉ አውቃለሁ። የእርስዎን ጥንዶች ሰብስቤ መጽሐፍ አዘጋጀሁላቸው።

አሁን የሚያንገሸግሸኝን ልንገርዎ። የምሠራበት የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ኃላፊ ኤልሮኢ ይባላል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው፤ እሑድ ሲያገኘኝ «ተባረኪ» ሳይለኝ አያልፍም። ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ «እህቴ፣ ካሜራውን ኦፍ አድርጊው፤ ከስተመሮቹ የሚፈልጉት ኔቲቭ ስፒከር ነው፤ ፐርሰናሊ እንዳትወስጂው» አለኝ። በእኔ ቦታ ከኢንተርኔት የተገዛ የአንዲት ፈረንጅ ፎቶ ለጠፈ። ስሟንም ሚስ ኤሚሊ አለው። ዓመት ሙሉ ከእሷ ፎቶ ጀርባ ሆኜ አስተማርኩ፤ ቻልኩት።

ባለፈው ሳምንት ግን መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ያቺው ፈረንጅ ጥርሷን አግጥጣለች፤ ርዕሱም «የሚስ ኤሚሊ ዘዴ» ይላል። የእርስዎ የዕድሜ ልክ ልፋት! ዘዴው የአባቴ ነው ብዬ ለኤልሮኢ ብነግረው፣ «አባትሽን ማን ያውቃቸዋል?» ብሎ ሳቀ። አሁን «ተባረኪ» ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ ይቀፈኛል።

ሰኞ ካሜራውን ከፈትኩት። ስሜን ነገርኳቸው፤ ይህን ያስተማረኝም አባቴ ነው አልኳቸው። ኤልሮኢ ስልኬን ደጋግሞ ያስጮኸው ነበር። በኋላ ሊዩ የሚባል ፋርማሲስት ተማሪዬ ጻፈ፤ ፈረንጇ እንዳልሆንኩ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ስህተት ነው ብሎ ያልፋል እንጂ፣ ለምን እንደተሳሳትን ከየት ያውቃል አለ። ቀጥሎ አባትሽ በሕይወት አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት። ሁሉም በየተራ ለእርስዎ ሰላምታ ጻፉ። አንድም የቃላት ጥንድ የተሳሳተ አልነበረም።

መጽሐፉን በሰው ልኬልዎታለሁ። ሽፋኑን ቀድደው ይጣሉት፤ ውስጡ የእርስዎ ነው።

ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ድምፅዎንም አያሳጣኝ። ከእንግዲህ በእኛ ጠዋትም ይደውሉ፤ ተማሪዎቼ ፊት አነሳለሁ።

የምትወድዎ ልጅዎ