በአንገትሽ ላይ የጣልኩት ጭጋግ

አምቦ፣ ግንቦት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ ወርቂቱ፣

አንቺ ዘንድ ጌዶ ድረስ ደረሰ የተባለው ወሬ ስህተት አለበት። በድሮው የዕድር ምርጫ ስላልመረጥሽኝ ቂም ይዤብሽ፣ የቪዲዮ ቤቷን ልጅ መቲን አዝዤ ፊትሽን ከሠርጉ ፊልም እንዳስጠፋሁ ይናገራል። ቂም የለኝም። ማንንም አላዘዝኩም። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤ ምክንያቴም ከቂም ይከፋል።

የልጅ ልጄን የሮሆቦትን የሠርግ ፊልም ራሴ ላሰናዳ ብዬ ከሠርጉ በፊት ሁለት ወር መቲ ዘንድ ለመማር ተመላለስኩ። «ቲቸር፣ ለጀማሪ ሶፍትዌሩ ይዟቸው ከሚመጣው ኢፌክት አራቱ ይበቃል፤ ብለር፣ ግሎው፣ ሻዶው፣ ፌድ» አለችኝ። ማደብዘዣ፣ ማንጸባረቂያ፣ ጥላ፣ ማክሰሚያ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። «ፈተና አለው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሮሆቦትን ስትመርቂ የተቀረጸው ጋ ስደርስ እንቅርትሽን አየሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩትን እንቅርት ከአዲስ አበባ የሚመጡት አማቾች ሲያዩት ታሰበኝና አፈርኩ። ትንሽ ክብ አድርጌ አደበዘዝኩት። አንቺ ግን ስትመርቂ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ፤ አንገትሽ ከክቡ እያመለጠ አስቸገረኝ። ክቡን አሰፋሁት፤ ፊትሽንም ዋጠው። መቲ «ቲቸር፣ ይሄ ጥሩ አይደለም፤ ክቡ እንዲከተላቸው ማድረግ ይቻላል፣ ነገ ላሳይዎት» ብትለኝ «ይበቃል» አልኳት።

በቅልቅሉ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ፊልሙ ሲታይ የሙሽራው አጎት «እኚህ ሴትዮ ምን ሰርቀው ነው? እንዲህ የሚሸፍኑት የፖሊስ ፕሮግራም ላይ እኮ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ «ማለን ጎዼ? ምን አጠፋሁ?» አልሽኝ፣ በቀስታ። ተማሪ ሲዋሽ ሠላሳ ዓመት ሳንበረክክ የኖርኩት እኔ «ማሽኑ ነው» አልኩሽ። በማግስቱ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ።

ጊንጪ አብረን ስናስተምር ልጆች ስለ አንገትሽ ሲጠይቁሽ «ያልተሳደብኩት ስድብ የተጠራቀመበት ነው» ትያቸው ነበር። አንቺ አፍረሽበት አታውቂም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንቺ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ወደ ጌዶ ለሚመለሰው ለልጅሽ ለተሬፋ እሰጠዋለሁ። ነገ በመጀመሪያ መቲ ቤት ሄጄ ያንን ክብ አነሳለሁ። ምርቃትሽን ከነአንገትሽ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ለሙሽራው አጎት ደውዬ ፊትሽን የሸፈንኩት እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ የጌዶ አውቶቡስ ላይ እሳፈርና በርሽን አንኳኳለሁ። ባትከፍቺልኝም የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪነሳ ደጅሽ ላይ እቆያለሁ።

ጓደኛሽ፣
ሮማነወርቅ