ውሃ ላይ የተኛው ታንኳ

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ሚስራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ያ በረሃ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክሽ እዚያ ስለማይሠራ ይህን ክንዱ በሚባለው ሾፌራችሁ እጅ ልኬልሻለሁ።

ከእሳተ ገሞራው አፍ ለቅመሽ የላክሽውን ድንጋይ ሐይቁ ላይ ጣል ባደርገው ተንሳፈፈ! ታንኳ ስሠራ ያረጀሁት ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናትሽ ግን ነጥቃኝ ተረከዟን ፈገፈገችበትና፣ «ይህን ያህል ተምራ የእግር መፋቂያ ላከችልኝ!» አለች።

ተራራው ፈነዳ ከተባለ ወዲህ ግን ሳቋ ጠፋ። ጓደኞችሽ ወደ ሰመራ ሲመለሱ አንቺ «የእሳተ ገሞራውን መለኪያ የሚያነብ ከሌለ ግመል ጠባቂዎቹን ማን ያስጠነቅቃቸዋል?» ብለሽ መቅረትሽን ክንዱ ነገረን። ኮራሁብሽ፤ ተናደድሁብሽም።

ወሬውን የሰማን ለት ታንኳሽ ዋርካው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። መቼም ታውቂዋለሽ፣ እኛ ዘንድ ታንኳው ከቆመ ባለቤቱ እቤቱ ገብቷል ማለት ነው። እናትሽ ጎትታ ውሃው ላይ አስተኛችው። «ልጄ ሳትገባ ምን ሲደረግ ይቆማል!» ብላ አሰረችው። ማን ደፍሮ ያውጣው? የደንገል ታንኳ ደግሞ ሳይደርቅ ከከረመ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ሌላ ሠራሁላት፤ እሱም ጠገበ፤ እንደገና ሠራሁ።

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ የደንገል ክምር ላይ ጋደም እንዳልሁ ሕልም አየሁ። ጣና እሳት ሆኗል፤ ግን እንደ ማለዳ ውሃ ረግቶ ተኝቷል። እኔ እቀዝፋለሁ፣ ደንገሉ አይነድም። አንቺ ከፊቴ ተቀምጠሽ ጭሱን ትለኪያለሽ። «አያቃጥልሽም ወይ?» ብልሽ፣ «ዝም ብለው ይቅዘፉ አባዬ» አልሽኝ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፍርሃቱ የመጣው ከነቃሁ በኋላ ነው።

ልጄ፣ አሁን ውሃው ላይ ያለው ታንኳ መክበድ ጀምሯል። ለእናትሽ ደንገል አለቀ ብያታለሁ። ውሸቴን ነው፣ ደንገሉማ ሞልቷል። ጣቶቼ ናቸው ማሰር ያቃታቸው። ይህ ከሰመጠ ምን እንደምላት አላውቅም።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ተተኪ የመጣልሽ ለት ግን አንዲት ሌሊት እንኳ እንዳታድሪ። ረመዳን ደርሷል፣ አብረን እናፍጥር።

አላህ ከላይ ከሚወርደውም ከታች ከሚፈላውም ይጠብቅሽ። የጣቴን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። ዝም ብለሽ ነይና ታንኳሽን አንቺው አቁሚው።

አባትሽ ዩሱፍ