የታመመው ቴፕ

ድራመራችን፣ የኔን ጉድ ስማ!

የምናብድለት ባንድ ልምምድ ላይ እያለ ጥበቃውን ለምኜ ገባሁልህ። የምንወደውን ዘፈን ሲጀምሩ፣ እኔም እናንተ ቤት ጓዳ ውስጥ እንደምንዘፍነው ለቀቅኩት። እነሱ ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ እኔ ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ነኝ!

ዘፋኙ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «እንዲህ እያንቀላፋህ እንድትዘፍን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«እናንተ!» አልኩት።

ዘፈኑን የተማርንበት የአባትህ ቴፕ ለካ እየጎተተ ነው ያሳደገን! «ስልታችን» ያልነው ሁሉ የቴፑ በሽታ ነው። በሃፍረት ልሞት ስል፣ እኛም ባንድ አለን ብዬ ብቀባጥር፣ «እስቲ የራሳችሁን ዘፈን» አሉኝ። ስዘፍንላቸው ሳቃቸው ጠፋ። ዘፋኙ፣ «ይሄን ስልት ከየት አመጣችሁት?» ቢለኝ፣ «የቤት ሚስጥር ነው» ብዬ ተኮፈስኩ።

የስልክ ካርዱ ሊያልቅብኝ ነው። እትዬን ሳምልኝ። ጋሼ ቴፑን ላሠራ ብለው ከተነሱ ግን፣ እግራቸው ላይ ውደቅ!