በሩን በመክፈቷ ነጥብ ስለተቀነሰባት እናቴ

ለክቡር የትምህርት ጨዋታዎች ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ኮምፒውተሮችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደጅ ቆመን ከመዋል በቀር ደህና ነን።

ያን ክፉ ዘመን ለልጆቻችን በጨዋታ ለማስተማር ስላሰቡልን እጅ እንነሳለን። ባለሙያዎችዎ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ወታደሮች ታላቅ ወንድሜን ወስደው ያስቀሩበትን ቀን እናቴን አስተርከው፣ የበራችንን መንኳኳት ሳይቀር ቀርጸው ሄዱ። ሥራው ሲያልቅም ጨዋታው የተጫነበት ታብሌት በስጦታ ላኩላት። ስለ ስጦታው እያመሰገንኩ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. በሩ ሲንኳኳ ተጫዋቹ «በሩን ክፈት» ወይም «ልጁን ደብቅ» ከሚሉት አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። እናቴ ያኔ ወታደሮቹ «ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለዋት እንደከፈተችው ሁሉ፣ አሁንም «ክፈት» የሚለውን ነካች። ጨዋታዎም ደስ በሚል ድምፅ «ተሳስተሃል! አሥር ነጥብ ተቀንሶብሃል!» አላት። ዘመድ ጎረቤቱ ዕድሜ ልኳን «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» እያለ ሲያታልላት ኖሮ፣ እውነቱን ስለነገሯት እግዜር ይስጥልን።

2ኛ. «ደብቅ» የሚለው ሲነካ ልጁ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፣ ወታደሮቹ ይሄዳሉ፣ ርችት ይተኮሳል። ቤታችን ያኔ ኮርኒስ እንዳልነበረው፣ ቆርቆሮው ከአልጋው እንደሚታይ እናቴ ለባለሙያዎችዎ ነግራቸው ነበር። ኮርኒሱን በነፃ ስለሠሩልን እናመሰግናለን፤ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይልብዎ እሰጋለሁ እንጂ።

3ኛ. ከዚያ ወዲህ እናቴ በሩን ለማንም አትከፍትም። ለእኔም። የስፌት ሱቄን ዘግቼ፣ ምግብ በሳህን ይዤ ሳንኳኳ፣ ከውስጥ «ዝም በል ልጄ፣ አሁን ይሄዳሉ» ስትል እሰማታለሁ። ልጄ የምትለው ታብሌቱ ውስጥ ያለውን ነው። የባለሥልጣን ደጅ መጥናት ለምጃለሁ፤ የገዛ እናቴን ደጅ ስጠና ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዳቦ በመስኮት ፍርግርግ አቀብላታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ትቀበለኛለች።

ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ልከው «አልተሳሳትሽም» ይበላት። እኔ ብላት ብላት አልሰማ ብላለች፤ ከእናንተ ሲመጣ ግን ታምናለች።

ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣
ነጥብ የጎደለባት እናት ልጅ፣
ከእናቷ ደጅ

ማሳሰቢያ፦ የሚልኩት ሰው ሲመጣ እባክዎ በሩን እንዳያንኳኳ ይንገሩልኝ። ለመንኳኳት ትክክለኛውን መልስ አስተምራችኋታል።